ውሉ ላይ ያልሰፈረ

ተፈራርመናል፣ ደላላው ሄዷል፣
ምስክሮቹም ቁልቁለቱን ወርደዋል።
ወረቀቱ ይላል፦ «ቆርቆሮ ክዳን፣ ሦስት ክፍል፣
ውኃና መብራት፣ ግቢው በግንብ የሚከለል።»
ስለ አበቦቹ ግን አንድ መስመር የለም፤
መሐንዲሱም ቢሆን አልጠየቀኝም።

ስለዚህ አረቡ፣ ቁልፉን ስትረከብ
ይህችን ብጣሽ ወረቀት ቁጭ ብለህ አንብብ።

በስተግራ፣ ድንጋዩን ለብሶ የምታየው
ጦስኝ ነው። ከጦሳ አናት ያወረድኩት ነው፣
ጉልበቴ ሳይከዳኝ፣ በነጠላ ጫፍ ቋጥሬው።
ውኃ አታብዛበት፤ ችግር ነው የሚወደው።
ሲያብብ ደግሞ በባዶ እግርህ አትርገጠው፤
ንብ እንደ ሰጋጅ፣ በግንባሯ ተደፍታ ነው የምትውለው።

ከወጥ ቤቱ ጥግ ያለው ዳማከሴ ነው።
በመጀመሪያው ዓመት መቁረጡን ፈርቼ
ተውኩት እንዳሻው፣ እንደ ልጅ ሳስቼ፤
እንጨት ሆኖ ቀረ፣
አበባው በጣት ተቆጠረ።
ጎረቤቴ ሉባባ በአጥሩ ላይ አይታ
«ርኅራኄሽ ነው የገደለው» አለችኝ፣ ማጭዷን ሰጥታ።
ከዚያ ወዲህ ጥር ሲጋመስ
ዝቅ አድርጌ እቆርጠዋለሁ፣ እስከ ጉልበቴ ድረስ፤
በልጉ ሲጥል፣ ያውም ካልቀረ፣
ከጉቶው ይፈላል፣ ማጭድ ያልነካው ይመስል እየተንጠረጠረ።

የጥብስ ቅጠሉ ሰማያዊ ነው አበባው፤
በበዓል ቀን እንኳ የማይዘጋ ሱቅ ነው።
ሌላው ሁሉ ብርድ መትቶት ሲያጎነብስ
እሱ ክፍት ነው፣ ለተራበ የሚደርስ።
ለጥብስህ ቁረጥ፣ ማን ከለከለህ፣
ግማሹን ግን ለደንበኞቹ ተው፣ እባክህ።

የሐምሌ በረዶ ሲወርድ ትደነግጣለህ፤
ግቢው ሙቀጫ ውስጥ የዋለ ይመስልሃል።
አትንቀል።
ሥር ያለው ነገር አይቸኩልም፤
ሞተ ያልከው ሁሉ አልሞተም።
የደረቀውንም አገዳ ባዶ ነው ብለህ አትጥረግ፤
ጥቃቅን ንቦች ያድሩበታል፣ በጋው እስኪያፈገፍግ።

ሟቹ ባሌ ይማም፣ ለጎመኑ ትል ብሎ
ረጨ አንድ ቀን፣ መርዝ በባልዲ አማስሎ።
በማግሥቱ ደረጃውን ስጠርግ
ንብ ነበር የምጠርገው፣ ከጥግ እስከ ጥግ።
አየኝ። ምንም አላለም። ጎመኑን ነቀለው፤
በቦታው የምታየውን ሬት የተከለው
እሱ ነው፣
ዕዳውን በየወሩ እንደሚከፍል ሰው።

እኔ ኮምቦልቻ ነው የምወርደው፣ ሩቅ አይደለም፤
ሐኪሙ «የደሴ ብርድ ለደረትሽ አይሆንም» ብሎኝ ነው።
የልጄ በረንዳ ክንድ ተስንዝር ቢሆን ነው፣
ሲሚንቶው እኩለ ቀን ላይ እንደ ምጣድ የሚፋጅ።
ጦስኙ እዚያ አይኖርም፣ የደጋ ልጅ፤
ከሬቱ ግን አንዲት ጩጬ
በወተት ቆርቆሮ ይዣለሁ፣ ትናንት ማታ ፈልቅቄ።
ከፊርማው በኋላ ነውና፣ ይቅር በለኝ፣ አንተን ሰርቄ።

ሌላም ኃጢአት አለብኝ።
ከምሥራቁ ግንብ ሥር ያለችዋን ቀዳዳ
አይጥ ነው ብለህ፣ «ትደፈን፣ ወጪው በሻጭ ዕዳ»
ብለህ ነበር። ደላላው ሲጠይቀኝ
«ደፍኛለሁ» አልኩት።
አልደፈንኩም።
ጣዝማ ናት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤
መውጊያ የላት፣ ኪራይ አትከፍል፣ ድምጿም የሹክሹክታ ነው።
ይማም ማሯን ቆፍሮ ለሳሌ ሊያወጣልኝ
አካፋ አንስቶ ነበር፤ እኔ ነኝ የከለከልኩት፣ እያሳለኝ።

ሲሚንቶና ማንኪያ ይዘህ መጥተህ እንደሆነ
አልፈርድብህም፤ ግቢው ያንተ ሆነ።
ግን ማለዳ ይሁን፣ ጉሙ ከግንቡ ሲነሣ፤
ተቀመጥ፣ አንዷ ብቅ እስክትል፣ ክንፏን እስክታነሣ።
ከዚያ በኋላ ያሻህን አድርግ፤
ወደ የትኛው አበባ እንደሄደች ብቻ
ኮምቦልቻ ለሚወርድ ሰው ንገርልኝ።