ሰማያዊ ቀለም

ቺያንግ ራይ ሲነጋ፣ ጉሙ ሳይገፈፍ፣
ቀድመውን ጫማዎች ይዘው ነበር ሰልፍ፤
ባለቤቶቻቸው፣ እኔን መሰል ሽማግሎች፣
ከዛፍ ጥላ ሥር፣ ፎልደር ታቃፊዎች።
አንዱ የበርገን ሰው፣ አንዱ የሊቨርፑል፣
ወሬያችን ከጉልበት ወደ ኮፒ ሲዘል፣
ከኮፒ ወደ ጉበት፣ መልሶ ወደ ኮፒ፣ ወዲያ ወዲህ ሲል።

ፎቶ አራት በስድስት፣ ጀርባው ነጭ የሆነ፣
የአከራዬ ቃል፣ በፊርማ የታመነ፣
የባንክ ደብተር፤
ስምንት መቶ ሺህ ባት፣ ሁለት ወር የተኛ፣
ከባለቤቱ ይልቅ እንቅልፍ የታደለ፣ የኔ መተማመኛ።
ደግሞ ሁለት ፓስፖርት።
አሮጌው፣ ጥጉን በመቀስ ተቀምቶ፣
ቪዛዬን በሆዱ እንደያዘ ሞቶ፤
አዲሱ፣ መንገድ የማያውቅ፣ ገጹ ሙልጭ ያለ፣
የሟች ወንድሙን ማኅተም «ልውረስ» ያለ።

ለዚህ ለአዲሱ ስል፣ በሌሊት አውቶቡስ፣
ባንኮክ ድረስ ወርጄ፣
ጣቴን ከመስታወት ባሳርፍ፣ ባነሳ፣ ብመልስ፣
ማሽኑ እምቢ አለ።
ሠላሳ ስምንት ዓመት፣ ባልቲክ ባሕር ላይ፣
ናፍጣና ብረት ልሰው ጨርሰውታል፤ አሻራ የት ይታይ!
«እጅዎን ይታጠቡ» አለችኝ ልጅቷ።
ታጠብኩ። ያው ነው።
«ቅባት ይሞክሩ።»
ተቀባሁ። ያው ነው።
መጨረሻ ላይ፣ ትንሿ የግራ ጣቴ፣ ሥራ ያመለጠች፣
«እሱ ራሱ ነው» ብላ መሰከረች።

ዛሬ ደግሞ በር ላይ፦ «በጥቁር አይቻልም፣ ሰማያዊ ነው»።
ሃያ ሁለት ገጽ፣ ሃያ ሁለት ፊርማ፣
ሌሊቱን ቁጭ ብዬ በጥቁር የጨረስኩት ነው።
ዋንፔን፣ ከጃንጥላዋ ሥር ኮፒ የምታነሳ፣
ሳቋን በመዳፏ ሸፍና፣ ማሽኗን
መታ መታ አርጋ፣ እንደ ሰነፍ ፈረስ ስታስነሳ፣
ብዕሯን ከፀጉሯ መዝዛ ሰጠችኝ።
ከጭኔ ላይ ደግፌ እንደገና ፈረምኩ፤
አሥረኛው ላይ ስደርስ የራሴን ስም ተጠራጠርኩ።

«ኩን ቶርቤን!»
መኮንኗ ወጣት ናት፣ የልጅ ልጅ የምታክል፣
ቀኑን በነሱ ዘመን ትጽፋለች፤ ከእኔው ቁጥር
አምስት መቶ አርባ ሦስት ዓመት ይነጠል።
በሷ ቀመር ከሆነ፣ እኔ ከተቀበርኩ
ምዕተ ዓመታት አልፈውኛል፤
እሷ ግን በትሕትና «ይቀመጡ» ትለኛለች።

የመቆያ ምክንያት?
«ጡረታ» ብዬ ጻፍኩ፤ መስመሩ አጭር ነበረ።
ባለቤት?
ብዕሩ አየር ላይ ቀረ።

ግሬቴ፣
ሜ ቻን፣ ከቤተ መቅደሱ ግንብ፣ መዳፍ በምታህል ጓዳ፣
አመዷ በሸክላ፣ ስሟ በእብነ በረድ ሰሌዳ፤
አራት ዓመቷ ነው።
ቪዛ አታሳድስም፣ ኮፒ አታስነሳም፣
በየዘጠና ቀኑ «አለሁ» ልትል አትነሳም።
የዚህ አገር ሰውስ እሷ ናት፣ ቋሚ ነዋሪ፤
እኔ ነኝ እንጂ፣ «አንድ ዓመት ጨምሩልኝ» እያልኩ፣
ደጅ ጠኚው አዳሪ።
ይህን የሚያህል መስመር ከቅጹ ላይ አጣሁ፣
«ሚስት የሞተችበት» ከሚል ሳጥን ውስጥ
አንዲት ጭረት ጭሬ ወጣሁ።

ዷ! አለ ማኅተሙ። አንድ ዓመት።
ፓስፖርቱ ግን አሥር ነው። እኔ ሰባ ዘጠኝ።
ከሁለታችን ዕድሜው ማን እንደሚያልቅበት ቀድሞ፣
ፎቶዬ ሳይስቅ ያየኛል፣ ደግሞ ደግሞ።

ማታ ከቤቴ በር፣ ቁልፌን ፍለጋ ኪሴን ብዳብስ፣
የዋንፔን ብዕር አለች፤ ረስቼ፣ ሳልመልስ።
ከዘጠና ቀን በኋላ ወስጄ እሰጣለሁ።
ግድግዳዬ ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ፣
በራሷ ቀለም፣
«ብዕር» ብዬ ጽፌአለሁ።