ይሄ ይሁን

ጠባቂዋ ዊልማ፣ እርሳስ ከጆሮዋ ሰክታ፣
ካርታ አቀበለችን መስኮቷን ከፍታ፦
«ፏፏቴው ከድልድዩ ማዶ፣ እቶኑ ከፏፏቴው በላይ፤
ከዚህ የሚወሰድ የለም፣ ቅጠልም ሆነ ድንጋይ።»

አክስቴን ቬርናን ግን ፏፏቴ አላሰኛትም፤
ሰማንያ ዓመት አይታው ውሃ አያስደንቃትም።
በየአሥር እርምጃው ምርኩዟን ተደግፋ ትቆማለች፣
ትንፋሿን ስትሰበስብ «ሽኮኮ እያየሁ ነው» ትላለች።

እቶኑ አለ፤ አፉ ላይ ሸረሪት አድርታበት፣
ግንቡን ለሁለት ገምሶ ቀጭን ዛፍ ሥር ሰዶበት።
የአያቷ አባት እዚህ ከሰል አክሳይ ነበረ፤
በየቀኑ ጥማድ ዱር ለዚህ ጉሮሮ ገበረ፣
ተራራው ተላጭቶ ጉቶ ብቻ እስኪቀር፣
ወፍ፣ አሉ፣ ማረፊያ አጥታ ከሰው ትከሻ እስክታድር።

ከዚያ አባቷ መጣ፤ ፔንሲልቫንያ ሥራ የጠፋ ዕለት፣
በቀን አንድ ዶላር ጥድ አስተከሉት።
ለዚህ ነው ዱሩ ዛሬም በሰልፍ የቆመው፣
ቀጥ ብሎ፣ ዝም ብሎ፣ ደመወዝ እንደሚጠብቅ ሰው።

«የቱ ነው የሱ?» አልኳት።
መልስ የለም።
ብዙ ቆየችና፣
አንዱን ግንድ በምርኩዟ መታ አደረገችና፣
«ይሄ ይሁን» አለች።

ስንመለስ ኮቷ ከብዶ ወደ ጎን ጎትቷት፣
ዊልማ አየችው፣ ከኪሷ አፍ ብቅ ያለውን
ሰማያዊ፣ መስታወት መሳይ አረ ብረት።
እርሳሷን ከጆሮዋ ነቀለች። ልትጽፍ መሰለኝ።
ጫፉን አየችና መልሳ ሰካችው፤
«ፏፏቴውስ እንዴት ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።