ሊቀበል የወጣ

በፋሮ ደሴቶች፣ ጉም በማይለቅበት፣
ዛፍ የሚባል በሌለበት፣ በግ ከሰው በሚበዛበት፣
አባቴ ሐኑስና አጎቴ ኤዩን
በአንድ ጀልባ ነበር የሚያጠምዱት ዓሣውን፤
አንዱ መረብ ሲጥል አንዱ ሲጎትተው፣
ኖረው ኖረው፣ አንድ ቃል ጀልባውን ሰነጠቀው።
«እንነጠቃለን» ነው ቃሉ፤ ሌላ አይደለም።
መቼ ለሚለው ግን የሚስማማ የለም።

አባቴ፦ «በስውር ነው፣ መከራው ሳይጀምር፤
የሚሰማው ይሰማል፣ ሌላው ሳይጠረጥር።
ማጭዱ ይቀራል ሣሩ መሐል ወድቆ፣
ማንቆርቆሪያው ይፈላል ባለቤቱ ተነጥቆ።
ሙሽራው ሙሽሪትን ሳይወስዳት አስቀድሞ
ቤቷ ላይ እሳት ያዘንባል ወይ ደግሞ?»

አጎቴ፦ «አንብበው እንጂ፣ ጣትህን አኑርበት።
‹ጌታን ለመቀበል› ይላል፤ የት አለ በዚያው መቅረት?
ተቀባይ ሰው ወጥቶ በዚያው ይጠፋል ወይ?
እንግዳውን ይዞ ይመለስ የለም ወይ?
‹አንዱ ይወሰዳል፣ አንዱም ይቀራል› ስትል፣
በኖኅ ዘመን ውኃ የወሰደው ማንን ነው? እስቲ በል!
የቀረው ነው የዳነው፤ መርከብ ውስጥ፣ ከከብት ሽታ ጋር።
መከራን ከላይ የዘለለ ጻድቅ አላውቅም በዚህ ምድር።»

ማርዩን፣ መምህሯ፣ ከኋላ ወንበር ተነሥታ፣
«እኩሌታው ላይ ቢሆንስ?» አለች በዝግታ።
ሁለቱም ዞረው አዩዋት፤
ካፊያ እንደሚያዩ አይተው ተዉአት።

በዚያው ክረምት ጉባኤው ለሁለት ተከፈለ፤
በአንዱ አዳራሽ ፈንታ ሁለት ቤት ተተከለ፣
መሐላቸው የዓሣ ማድረቂያ፣ ግድግዳው የጋራ፣
የአንዱ መዝሙር በሌላው ስብከት ላይ የሚያጓራ።
ጀልባዋ ተሸጠች። ገንዘቡን እኩል ቆጠሩ።
እናቴ ራንቫ ግን ድንች ባወጣች ቁጥር
አንድ ቅርጫት ትልካለች በእኔ፣ በጓሮ አጥር።
አባቴም ሲቆጣ፣ «እሱም ይነጠቃል» ይል ነበር፣
«እስከ ደመናው ድረስ እየተከራከረ ከመላእክት ጋር።»

ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከትምህርት ቤት ስገባ፣
በሩ ወለል ብሏል፤ ድመቷ ብቻ ወጣ ገባ።
«እማዬ!» ዝምታ። ማንቆርቆሪያው ይጮኻል።
የአባቴ ጫማ ጥንዱ ደጃፍ ላይ ቆሟል።
ሹራቡ፣ አንድ እጅጌ የቀረው፣ መርፌው ላይ ተንጠልጥሏል።
ጎረቤት ሮጥሁ፤ ባዶ። ቀጥሎ ያለውም፤ ባዶ።
መንደሩ እንዳለ ሄዷል፣ እኔን ብቻ ክዶ።
የሰረቅሁት ስኳር ትዝ አለኝ፤ ሁለት እፍኝ።
ስለ መስተዋቱ የዋሸሁት ትዝ አለኝ።

አጎቴን አገኘሁት፤ ደጁ ላይ፣ እግሩ በጀሶ ታስሮ፣
ብቻውን፣ በርሜል ላይ፣ በዕድሉ ተማርሮ።
እሱም ቀርቷል! ጮኽሁ። ፊቴን አየና ገባው፤
ሊስቅ ብሎ ተወው። እንባዬን በኮፍያው አበሰው።
«ዓሣ ነባሪ ገብቶ ነው» አለኝ፣ «ወደ ሰላጤው።
አባትሽ በካልሲ ሲሮጥ አይቻለሁ ከዚሁ ቦታ፤
ሊቀበሉ ነው የወጡ፣ ልጄ። ይመለሳሉ ማታ።»

ማታ ተመለሱ፣ እስከ ክርናቸው ደም፣ እየዘመሩ።
አባቴ ጫማውን ፈለገ። እኔ ምንም አልተናገርሁ፤
የተረፈኝን ስኳር በሌሊት መለስሁ።
ከዚያ ወዲህ ቤት ጭር ሲል፣ ዛሬም ጎልምሼ፣
መጀመሪያ የማየው ጫማ ነው፣ ወደ በሩ ተመልሼ።

አባቴ ያረፈው ቶርስሃውን ነው፣ ሆስፒታል፤
ሦስት ቀን ነፋሱ መርከብ አላወጣም ብሏል።
አልጋው ሥር የቀረ ጫማውን በፌስታል ይዤ፣
በአራተኛው ቀን ከሬሳው ጋር ተጉዤ፣
ወደ ሰላጤው አፍ ልንገባ ስንል፣ ልንገባ፣
ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለች አንዲት ትንሽ ጀልባ፣
ፋኖሷን በቀን አብርታ።
ሠላሳ ዓመት ሳያናግረው፣ ሰባ ስምንት ሞልቶት፣
አጎቴ ነው፣ ብቻውን፣ መሪውን ጨብጦት።
ከፊታችን ዞረ። ሞተሩን አዘገመው።
እስከ ወደቡ ድረስ እየመራ አስገባው።

ገመድ ሲያስር ጠጋ አልሁት። ሳያየኝ፣
«መቼ ነው?» አለኝ፣
«ማዕበሉ ሳይነሣ በፊት፣ ወይስ ካበቃ በኋላ?»
«እየነፈሰ» አልሁት። «በመካከሉ።»

እጁ ገመዱ ላይ ቆመ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤
ይሳቅ፣ ያልቅስ፣ እንጃ፤ ጉም ነበር።
«ለማርዩን» አለኝ፣ «እንዳትነግሪያት።»