ብዙ ያልተነዳች

ደላላው ሶሬሳ ቅዳሜ ማለዳ
ደወለልኝ፦ «ጋሼ፣ አገኘሁ እንግዳ፤
ገንዘቡ የተቆጠረ፣ ቃሉ የማይከዳ።»
ቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣
በኤሌክትሪክ መኪና እንደ ጥላ ገባ፤
ውሻዬ አልሰማውም።
ኪሩቤል ይባላል፤ ጺሙ ገና ለጋ፣
ነጭ ጫማ አድርጎ ጭቃዬን ሲሰጋ።

ሸራውን ገፈፍኩት፤ ከሸራው ሥር አንሶላ፣
ከአንሶላው ሥር ደግሞ እሷ፣ ሙሉ ገላ፦
ሙስታንግ ናት፣ ባለ ሁለት በር፣
የስልሳ ሰባት ምርት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣
ቀለሟ የብሳና ቅጠል፣
ሊረግፍ አንድ ቀን ሲቀረው እንደሚመስል።
«አቤት!» አለ ልጁ። ጣቱን ኮፈኗ ላይ
ሊያሳርፍ ከጅሎ ሰበሰበው፣ ፍም እንደሚያይ።

አንድ አሜሪካዊ፣ የጂኦሎጂ መምህር፣
የሦስት ወር ደሞዜን ሳይከፍለኝ ሲበር
«በሷ ይቻቻል» ብሎ ቁልፏን ሰጠኝ።
ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ደስታ እንቅልፍ ነሣኝ።
ወዲያው አብዮት መጣ።
«የማን ናት?» እንዳይሉኝ ጭድ ከመርኩባት፤
አሥራ ሰባት ዓመት ዶሮ ፈለፈለችባት፤
እኔም ሌሊት ሌሊት፣ በጭዱ ክምር ሥር፣
በባትሪ ብርሃን ካንዴላ ስጠርግ፣ ዘይት ስቀይር።

መንግሥት ሲለወጥ ወጣች።
ወጣች ስል፣ እስከ በር። እስከ በርና መልስ።
ክረምት ጭቃ እንዳይነካት፣ በጋ አቧራ እንዳትለብስ።
የጎረቤቴ ልጅ ሲዳር ለምኖኝ ነበር፤
«አበባ በፕላስተር? ቀለሟ ይላጣል!»
አልኩና ዘጋሁ በር።
በየእሑዱ ወንበሯን በቅባት ሳሽ፣ ቸርኬዋን በአመድ ሳበራ
ልጆቼ አደጉና ሄዱ፣
አንዳቸውም ሳይቀመጡባት።
የሺመቤት፣ ሚስቴ፣ ምጥ የያዛት ሌሊት
ዝናብ ይዘንብ ነበርና ታክሲ ጠራሁላት።
እስከ ዛሬ ታነሣዋለች፣ ሳቅ አስመስላ።

አሁን ግንቤ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጽፈዋል፤
መንገዱ ሊሰፋ ነው፣ እኛ ልንነሣ።
የደረሰን ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤
አራተኛ ፎቅ ደግሞ መኪና አይወጣም።

ልጁ ገባ፣ ተቀመጠ፣ መሪውን ያዘ፣
የኪሎሜትሩን ቁጥር አየና ፈዘዘ፦
«ጋሼ፣ ልክ ነው ይሄ? ብዙ አልተነዳችም እኮ!»
ማድነቁ ነበር።
እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ፣
ዕቃ እንደተያዘበት ሌባ።

ያልነገርኩት አለ።
ትናንት፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ ተነሣሁና
«የሺ፣ ጫማሽን አድርጊ» አልኳት። የት ብላ አልጠየቀችም።
የፍጥነት መንገዱ መግቢያ ላይ ካርድ ሰጪዋ ልጅ
ዓይኗን እያሸች፦ «አባባ፣ ምንድን ናት ይቺ?»
«ፈረስ ናት» አልኳት፤ አላመነችኝም።
ከዚያ ሰማንያ። መቶ። መቶ ሃያ።
ስምንቱ ሲሊንደር ሃምሳ ዓመት የዋጡትን ቃል
በአንድ ጉሮሮ ሲተፉት፣
መስኮቱ ክፍት፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ተነጥቆ
ኋላ ወንበር ላይ ወደቀ፤
የሺ ጮኸች።
ፈርታ መስሎኝ እግሬን ከነዳጁ ሳነሣ
«አትቀንስ!» አለች፤ «አትቀንስ፣ አንተ ሰው!»
ቢሾፍቱ ላይ ዞረን ተመለስን።
ደረሰኙ ኪሴ ውስጥ ነው።

ውሉን ፈረምኩ፤ ሊብሬውን ሰጠሁት፤
ሶሬሳ ሁለት በመቶውን ጣቱን እያራሰ ቆጠረ።
«ግራ በሯን» አልኩት፣ «ከፍ አድርገህ ዝጋ፤
ነዳጅ ሁለቴ ርገጥላት፣ ብርድ ሆኖ ሲነጋ፤
ፍሬቻዋ ያኮርፋል፣ አትቆጣው።»
«በየሳምንቱ አጥባታለሁ» አለኝ።
«ተዋት፣ ትቆሽሽ» አልኩት።
ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ስትወጣ ውሻው ሰማ፤
እስከ አስፋልቱ ድረስ እየጮኸ ሸኛት፤
ሶሬሳ በዚያች ድምፅ አልባ መኪና ከኋላ ተከተላት።
መጠለያው ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ፣
የዘይት ጠብታ ቀርታለች፤
የሺ ከጎኗ ሽንኩርት አሰጣች።
ነጠላው ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።
«ልደውልለት?»
ሽንኩርቷን ገለበጠች፤ መንገዱን አየች።
«ተወው» አለች፣ «ይንሸራሸር።»