ስንት ትበላለች?

«ስንት ትበላለች?» አለችኝ ዘነበወርቅ፣ ባጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣
የሰው ምራት ጉርሻ እንደምትቆጥር አማት፣ በዐይኗ መዝና፣ ከፍላ።

እኔ ደብተር አለኝ። ሰማያዊ ሽፋን፣ ጥጉ የታጠፈ፣
የማኅበሩን ሒሳብ ሲደምር የኖረ እጄ፣ ልማድ ይዞት የጻፈ፦
ሊትሩን፣ ብሩን፣ ኪሎ ሜትሩን፣
የሰልፉን ርዝመት፣ የቀጂውን ፊቱን።
ሰርቦ ደርሶ መልስ፦ በሊትር አሥራ አምስት።
አጋሮ፣ ዕቃ ጭና፣ ዳገት እየገፋች፦ አሥራ ሁለት።
ከአጂፕ እስከ መርካቶ፣ በባጃጅ መሐል ስትሹለከለክ፦
አሥር። አንዳንዴ ዘጠኝ፣ እንደ ነጂዋ ንዴት ልክ።

«ወፍ ናት» አልኳት፤ «እንደ ወፍ ነው የምትቆነጥረው።»
«ወፍማ ቀኑን ሙሉ ትበላለች» ብላ ገባች፣ ሳቋን ሳትጨርሰው።

ስለ ቁመቷም ልናገር።
ሐምሌ የቦዬን መንገድ ሲያቦካው፣
አውቶሞቢሉ ሁሉ በሆዱ ተኝቶ ሰው ሲገፋው፣
እሷ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ
ታልፈዋለች፣ ጭቃውን ረግጣ፣ ጭቃውን ሳትነካ።
ስኮርታዋ ግን ታሳፍራለች፦ ቀጭን፣ የብስክሌት ታናሽ እህት፣
እስከ ጎሚስታ ታደርሳለች እንጂ አትታመንም ለሌሊት።

የኋላው ወንበር ሲታጠፍ አሥራ አራት በርጩማ ይገባል፣
አሥራ አምስተኛውን አባቴ ጭኑ ላይ ያስቀምጣል።
አባ ዋሪ፣ አናጢው። መቶ አሥር ኪሎ፣ መጋዙን ሳይጨምር።
የዕቁብ ብሬን አውጥቼ ስገዛት፣ ዞሯት አንድ ጊዜ ብቻ፣
«በሯ ጠቧል፤ እንጨቷ የት አለ?» አለና
ገብቶ ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲህ ቦታው ሆነ፣ በቀኜ፣
ቅዳሜ ቅዳሜ፣ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከጎኔ።

«ዝጋው አባዬ፣ ንፋሱ ቤንዚን ይበላል» ስለው፣
«ይብላ» ይለኛል፣ «እሱም መንገደኛ ነው።»
የወደቀ ዋንዛ ባየ ቁጥር ደግሞ «አቁሚ!»
ወርዶ ግንዱን በጣቱ ያንኳኳል፣ ሰው ቤት እንዳለ፣
ጆሮውን ለጥፎ ይሰማል፣ ምን እንደሚለው እንጃ፤
እኔ ሞተሩን ሳላጠፋ፣ ዐይኔ ነዳጁ ላይ እንዳለ።
በደብተሬ የመጨረሻው ዓምድ «ምክንያት» ይላል።
ሰርቦ፣ አሥራ ሁለት። ምክንያት፦ አባዬ።
አጋሮ፣ አሥራ አንድ። ምክንያት፦ አባዬ፣ ሁለት ግንድ።

በየካቲት ሙሰማ ጎሚስታው በክሪክ አነሳት፣
ጥርስ እንደሚያይ ሐኪም ጣቱን በጎማው ጥርስ ሰደደበት።
«የፊት ቀኙ ቀድሞ አልቋል» አለ። «በቀኝሽ ማንን ትጭኛለሽ?»
«ጭኜ ነበር» አልኩት።
ዝም አለ። ቡለኑን ፈታ፣
ቀኙን ወደ ግራ፣ የፊቱን ወደ ኋላ አዛወረ ባንድ አፍታ፣
«እኩል እስኪያልቁ ነው» አለኝ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፤
የሠራበትን ስከፍለው ግማሹን መለሰ፣ ወደ መንገድ እያየ።

ትናንት አጋሮ ሄድኩ። በርጩማ የለ፣ ግንድ የለ፣
መስኮቱ እንደተዘጋ፣ የትም ሳልቆም፣ እግሬ ነዳጁን እንደቆጠበ ዋለ።
በሊትር አሥራ ስድስት ተኩል።
ከገዛኋት ወዲህ ምርጡ ቁጥር።
ሁለቴ ደመርኩት፤ ሒሳቡ ልክ ነው።
«ምክንያት» የሚለውን ባዶ ተውኩት።

«አሁንስ ስንት ትበላለች?» አለች ዘነበወርቅ በአጥሩ።
«ቀንሳለች» አልኳት።
እሰይ አላለችም።
የልብስ መቆንጠጫ በእጇ ይዛ ቆመች፣
ልብሱን ሳትሰቅል።

ዛሬ ከሰርቦ ስመለስ ጎንበስ ብዬ
የቀኙን መስኮት እስከ ታች አወረድኩት።
ንፋሱ ገባ፣ ደብተሩን ገለጠ፣ ቀበቶውን አንቀጫቀጨ፤
ዋንዛ ባይወድቅም አንድ ቦታ ቆምኩ፣
ሞተሩን ሳላጠፋ።

ሰርቦ ደርሶ መልስ። በሊትር አሥራ ሦስት።
ምክንያት፦ መንገደኛ።