ቀኑን አስተካክዪ

ኡላንባታር ዳር፣ ቺንገልቴ ጫፍ፣
የከሰል ጭስ ከጣሪያ ጣሪያ ሲንሳፈፍ፣
ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ በሆነ ሌሊት፣
አክስቴ ዱልማን ሹራቧን ስታወልቅ አየኋት።
ከእጅጌዋ ዘለለች ሰማያዊ ብልጭታ፤
ጣ አለች፣ ጠፋች፣ በአንዲት አፍታ።

«አየሃት? መብረቅ ትልቅ ዛፍ ይሻል፤
ቺፕ ግን ለዚህችው፣ ሳይጮህ ይሞታል።»
የምድጃውን ብረት ነካች፤ እኔንም አስነካች፤
እንደ ምስክር ቃል አስገባች።

እኔ መብራት ያዥ ነኝ። እጄ እንዳይንቀጠቀጥ፣
ጥላዋ ጣቷን እንዳይቀድም፣ ብርሃኑም እንዳይሮጥ።

ሣጥኑ የመጣው ከዮንዶን መጋዘን፣
ስድስት ዓመት ተኝቶ፣ ሳይፈታ፣ በግማሽ ተመን።
እናት ቦርድ ይሏታል።
ራሷ አታስብ፣ ራሷ አታስታውስ፤
አሳቢውም አስታዋሹም ግን
እሷ ላይ ካልተቀመጠ አይተነፍስ።

ፕሮሰሰሩን እንደ ቢራቢሮ ክንፍ በሁለት ጣቷ አንስታ፣
የወርቁን ጥግ ከምልክቱ ጥግ አገናኝታ፣
«በራሱ ክብደት ይረፍ» ብላ ለቀቀችው በእርጋታ።
ዘንጉን ስታወርድ ጮኸ፤ እኔ ዐይኔን ጨፈንኩ።
«ሁልጊዜ ይጮኻል» አለች።
የስንዴ ፍሬ ታክል ቅባት። ማቀዝቀዣው ከላይ።
ሜሞሪው ሁለተኛና አራተኛ ማስገቢያ ላይ፣
ቀጭ፣ ቀጭ፤
ሠላሳ ዓመት ነጥብና ሰረዝ የቀጠቀጠ
የቴሌግራም ጣት ነው፤ ድምፁን ሰምቶ ያምናል።

ከዚያ ሶኬት። ከዚያ ቁልፍ።
ማራገቢያው ግማሽ ዙር ዞሮ... ዕርፍ።
ደገምን፤ ያው። ሠለስን፤ ያው።
ዮንዶንን በሆዴ ረገምኩ።
እሷ አልረገመችም። ሁሉንም ፈታች፣
ብሎኑን በጨው ሻይ ጎድጓዳዋ እየጣለች።
ቦርዱን ብታነሳው፣ ከሥሩ፣
ዘጠኝ ብቻ መሆን ሲገባው የነሐስ እግሩ፣
አሥረኛ ቆማለች፣
ቀዳዳ በሌለበት፣ ማንም ባልጠራት ቦታ፣
የቦርዱን ጀርባ ነክሳ፣ ኤሌክትሪኩን አሳስታ።

ቀፎው የናምጂል ነበር።
ለድሮው ቦርዱ ልክ፣ በገዛ እጁ ያሰራት፣
እስከ ዛሬ ድረስ ማንም ያልፈታት።
«አንተ ሰውዬ» አለች፣ «አሁንም ታደናቅፈኛለህ?»
ፈታቻት።
ደረት ኪሷ ከተተቻት።

ብርሃን ሆነ።
ጥቁር ገጽ፣ ነጭ ፊደል፤ ሜሞሪው ታወቀ፣
ዲስኩ ታወቀ፤ ከታች አንድ ቀይ መስመር፦
ቀኑን አስተካክዪ።
(ማሽን ሴትና ወንድ አይለይም፤
እኔ ግን እንዲያ ብሎ ነው የሰማሁት።)

ጃንዋሪ አንድ፣ ሁለት ሺህ አሥራ ዘጠኝ።
የሳንቲም ባትሪው መጋዘን ውስጥ አልቆ፣
ቦርዱ የሚያውቀው የተወለደበትን ቀን ነው፣ ሌላውን ሁሉ ለቆ።

በዚያ ቀን ናምጂል ጣሪያ ላይ ነበር፣ ጭስ ማውጫ እየጠረገ፣
ነፋስ የነጠቀውን ቆቡን በዐይኑ እየፈለገ።

ዱልማ ወደ ላይ የምታሳየው ቀስት ላይ ጣቷን አሳረፈች።
አልተጫነችም።
መብራቱ አያስፈልግም ነበር፤ ግን አላጠፋሁትም።
ሃያ።
ሃያ አንድ። እዚህ ቆመች።
ምድጃው ውስጥ ከሰል ተሰነጠቀ።
ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ሃያ አራት ሃያ አምስት፣ ቶሎ ቶሎ፣
ሰው የማይኖርበትን ሰፈር በመኪና እንደሚያልፍ።
ለውጡ ይቀመጥ? አዎ።

ዛሬ የሰፈሩ የከሰል ሂሳብ በዚያ ማሽን ይሠራል።
ማታ ሶኬቱን ትነቅላለች፤ ጠዋት ቀኑን ስቶ ይነሳል።
«ባትሪው እኮ ከአንድ ዳቦ አይበልጥም፣ ልግዛልሽ?» ስላት፣
«ግድ የለም» ትላለች፤ ቀስቷን ትጫናለች፣ አንድ፣ ሁለት፤
ሃያ አንድ ላይ ስትደርስ
ከሻይዋ ፉት።