የደርሶ መልስ

ሬዲዮው በድንጋይ፣ ቤታችን በሻማ፣
ገንደ ቆሬ ሆነን ዕቅዱን ስንሰማ፦
"ከእንግዲህ ትኬቱ አንድ ይሆናል" አለ፣
"ከለቡ እስከ ባሕሩ፣ ሐዲድ እስካለ፣
አውቶቡሱም ሳይቀር፣ በአንዲት ወረቀት፤
ወረቀትም አይደል፣ በስልክ ምልክት።"
ሁለተኛም አለ፦ "ወደቡ ላይ ቆሞ
መርከብ ሲያጨስ ማደር ይቀራል ከርሞ፤
ሞተሩን አጥፍቶ ገመድ ይሰካና
ከእኛው መብራት ስቦ ይተኛል በጤና።"

ሻማችን ስትቀልጥ የሳቀች መሰለኝ፤
አባቴ ግን ቆይቶ "ሳጥኑን ስጪኝ" አለኝ።

ጋሽ ቢራቱ ማለት ትኬት በሺ ነበር፣
ሠላሳ አንድ ዓመት በሸማንደፈር፤
ከፈረንጁ ቋንቋ "ቢዬ"ን ብቻ ይዞ፣
ከፉርጎ ወደ ፉርጎ በአቧራ ደንግዞ።
የእሱ መብሻ ብቻ ኮከብ ነበር ጥርሱ፤
ክብ ይበሱ ነበር ሌሎቹ ሲበሱ።
ትኬት የጠፋበት የአፍደም መንገደኛ
"ኮከብህ ያውቀኛል፣ አንተው ሁነኝ ዳኛ!"
ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ፤
በዚህ እሹሩሩ ተኛሁ ከነዕድሌ።

ከዚያ ባቡሩ ቆመ። "ለጥገና ነው" አሉ።
ሐዲዱ ላይ ፍየሎች በልተው፣ ወልደው ዋሉ።
አባቴ ግን በጠዋት፣ ኮፍያውን ደፍቶ፣
ለገሃር ይሄዳል፣ የሚመጣ ጠፍቶ፤
የዛፍ ቅጠል ይበሳል። ከዚራ ጥላ ሥር
ስንት ኮከብ ረገፈ፣ ጠራጊ ሲያማርር።

አዲሱ ባቡርማ ያለ ጭስ ይከንፋል፣
ጣቢያው ግን ከከተማ ወዲያ ተኮፍሷል።
እኔም ልጁ ዛሬ በአዲሱ ጣቢያ
ትኬት እቆርጣለሁ፣ ለባሕሩ መግቢያ፤
ከመስታወት ኋላ፣ በአንዲት ቀዳዳ
ብር ይገባል፣ ላብ ይገባል፣ ሙቀቱም ሜዳ ሜዳ።

ጎረቤቴ ኢፍራህ፣ የቦንዳ ነጋዴ፣
"ሦስቴ ነው የምከፍል" ትላለች "በአንድ መንገዴ፤
ለባጃጅ፣ ለባቡር፣ ደግሞ ለሚኒባስ፤
አቦ አንድ ያድርጉት፣ ወገቤም ይታደስ!"
"መስኮቴ ሲዘጋስ?" አልኳት። ዝም አለች።
ቆይታ "በሩ አለ" ብላኝ፣ ሳቀች፣ ሄደች።

ያ ረጅም ምሰሶ፣ የብረት ባለ እግር፣
ገመድ ተሸክሞ ወደ ባሕር ሲሻገር
በጓሯችን ያልፋል፣ ቁልቁል ያየናል፤
እንደ ንብ ያዜማል፣ ማሩ ግን ይርቀናል።
አልቀናም በመርከብ፤ ይደክመው ይሆናል፣
ስንዴ ተሸክሞልን ስንት ቀን ይዋኛል።
ጭሱም ቢቀር ደግ ነው፤ ዓሣም ዓይን አለው፣
ወደብ ዳር የሚያድር ሕፃንም ሳንባ አለው።
ብቻ መብራት አጥፍቶ ሊተኛ ሲል ማታ
ቢያስበን ምናለ፣ ለአንድ አፍታ፣ ለአንድ አፍታ፤
ደቻቱ ዳር ያለን፣ አሸዋው ሲግል፣
ማራገቢያው ቆሞ ዝንብ ሲያርፍበት ክንፉ ላይ ሲውል።

ሳጥኑን ሰጠሁት። ከሸሚዞቹ ሥር
መብሻውን አወጣ፣ ዝጓል እንደ ሚስማር።
ጠረጴዛው ላይ የነበረውን
የመብራት ቢል፣ ያለፈውን፣
ነከሰው— ቀጭ!— እና ከሻማው ፊት ያዘ።
ግድግዳው ላይ ወደቀ አንድ ኮከብ፣ ፈዘዘ፣
ደግሞ ቀና አለ፣ ደግሞ ተንቀዋለለ፤
"ይኸው መርከብሽ" አለ።

ዝም ብሎ ጠየቀኝ፣ እንደ ተቆጣጣሪ፦
"ያ የስልኩ ትኬት፣ ያ የአየር በራሪ፣
በየት በኩል ይሆን የሚበሳ?"
መልስ አጣሁ። እሱም ዓይኑን ሳያነሣ
መብራቱ መጣ። ኮከቡ ጠፋ።
ጎንበስ ብዬ ሻማዋን እፍ ልል ስለፋ
አባቴ እጄን ያዘ፦ "ተያት፣ ትንሽ ትቆይ፤
የደርሶ መልስ ትኬት ሳይዝ መጥቶ ያውቃል ወይ?"